ለሎሚ የመጡ ሽማግሌዎች

ሰው በግ አረባለሁ ቢል ማንም አይስቅበትም። ዶሮ ቢልም ያው ነው። ትንንሽ ውሻ አረባለሁ ያለ ዕለት ግን ወዳጆቹ ግንባሩን ይዳስሱታል፣ ትኩሳት ይዞት እንደሆነ ለማየት። እኔ ይህ ደርሶብኛል። በዚያ ላይ የምኖረው ሐረር ነበር። ሐረር ደግሞ ጅብ እንደ ማንኛውም ነዋሪ በጀጎል ቅጥር ቀዳዳ ገብቶ የሚወጣባት ከተማ ናት። ጭን ላይ የምትቀመጥ ውሻ ማርባት ለጅብ ቁርስ ማሰናዳት ነው አሉኝ። ነገሩ እውነት ነበረው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ከሐረር ወሬ እልክ ነበር። ወሬ ስል የቡና ዋጋ፣ የዝናብ መዘግየት፣ የድልድይ ምረቃ ማለቴ ነው። ስሜት የሚባል ነገር ጽሑፌ ውስጥ አይገባም ነበር። እንዲህ ያለውን ደረቅ ሰው ምን ውሻ አሳዳጊ አደረገው ትሉኝ ይሆናል። አንድ ግሪክ ባለሱቅ ነው። ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ያልተሸጠችለት አንዲት ቢጫ ቡችላ ቀረች። ክብደቷ የአንድ ጥንድ ጫማ ያህል ነው። ላንተ ትሁን አለኝ። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት እጄ ላይ ነበረች። ስሟን ሎሚ አልኳት።

የተከራየሁት ቤት ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብሎ ነው። የቤቱ ባለቤት አው ዑመር፣ አው ማለት በሐረር እንደ አባባ ነው፣ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ ቅመም የሚሸጡ የሐረር ሽማግሌ ናቸው። ውሻ አይነኩም፤ ምራቁ ካረፈባቸው ለሶላት ልብስ መቀየር ሊኖርባቸው ነው። ሎሚን ይዤ ስገባ ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቆም ብለው አዩዋትና፣ ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል አሉኝ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ "ምን እንደምትጠብቅ አላህ ነው የሚያውቀው" አሉ። ይኸው፣ ለእሳቸው ያለብኝ ምስጋና ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ሎሚ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ወይም የደረሰች መሰለኝ። ከእኔ በፊት ያወቁት የፈረስ መጋላ ውሾች ናቸው። ደጄ ላይ ተኮለኮሉ፤ አንዱ ጥጃ ያህላል። እኔም እንደ ልማዴ ነገሩን አገናዘብኩ። ከእነዚህ አንዱ ቢገባ፣ የምታረግዘው ቡችላ ገና ሳይወለድ እሷን ሊያክል ነው። ስትወልድ ትሞትብኛለች። ስለዚህ ጊዜዋ ሳያልፍ፣ በሩም ሳይሰበር፣ እኩያዋን ማግኘት ነበረብኝ።

እኩያዋ በሐረር አንድ ብቻ ነበር። ስሙ ሻምበል ይባላል። ከቅጥሩ ውጭ በአዲሱ ከተማ የሚኖሩት የግራዝማች በላይነህ ባለቤት ውሻ ነው። ሄድኩ። ምሳ ላይ ደረስኩ። ወይዘሮዋም እንግዶችም ማዕድ ላይ ናቸው። እኔ ሥራዬ ቁም ነገሩን ማስቀደም ነውና ገና ከመቀመጤ፣ "ግራዝማች፣ ሴቷን ውሻዬን በሻምበል ላስጠቃት ፈልጌ ነው የመጣሁት" አልኩ።

አንድ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ወይዘሮዋ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"አንተ! ወይዘሮ ፊት ምንድን ነው የምትለው?" አሉ ግራዝማች።

ይቅርታ ጠየቅሁ።

"ደግሞስ የሴት ወገን መጥቶ ወንድ ሲለምን የት አየህ? አዋረድካት እኮ ልጅቱን! ሂድና ቤትህ ተቀመጥ። ሽማግሌ የምልከው እኔ ነኝ።"

ይቀልዱ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዱ እንግዳ እንዲያውም ልክ ነው፣ ልክ ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ የሴት ወገን ከሆንኩ ሽማግሌ የሚቀበልልኝ ሰው ያስፈልጋል። ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው። የቀሩኝ አው ዑመር ብቻ ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው መጀመሪያ ያ አላህ አሉ። በመጨረሻ ውሻዋ ወደ እሳቸው እንዳትጠጋ አስጠነቀቁኝና፣ "ሽማግሌ ሲመጣበት ግን ጎረቤት ብቻውን አይቀመጥም" ብለው እሺ አሉኝ።

በማግስቱ ካባ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አንደኛው የሻምበልን ዘር ቆጠረ፤ በእናቱም በአባቱም የባሕር ማዶ ተወላጅ ነው። አው ዑመር በጥሞና ሲያዳምጡ ቆይተው መጠየቅ ጀመሩ።

"ሥራው ምንድን ነው?"

"ትራስ ላይ ይተኛል።"

"ጠባዩስ?"

"ጨዋ ነው። የሚነክሰው ፖስተኛውን ብቻ ነው።"

አው ዑመር ጢማቸውን አሻሹ። እኔ በልቤ እሺ በሏቸው፣ እሺ በሏቸው እላለሁ። ከውጭ የእነዚያ ጥጃ አከል ውሾች ጩኸት ይሰማል፤ አንዱ በሩን በጥፍሩ እየቧጠጠ ነው። አው ዑመር ግን ረጋ ብለው፣ "ሰምተናል። ዘመድ እንጠይቅና መልስ እንሰጣለን። እስቲ ከሰሞኑ ተመለሱ" አሏቸው።

ዘመድ! የማን ዘመድ? እጅጌያቸውን ብጎትት እጄን መታ አደረጉኝ። ሽማግሌዎቹ ግን ደስ አላቸው። እንዲህ ነው የተከበረ ቤት ተባብለው ወጡ።

ተመልሰው እሺ ሲባሉና ሻምበል በነጭ ፎጣ ታቅፎ ሲመጣ የሎሚ ጊዜ አልፏል። ከደጃፍ የተኮለኮሉት ውሾች ተበትነዋል። ሻምበል ጠጋ አለ። ሎሚ ጆሮውን ነከሰችው። ሙሽራው እያለቀሰ ወደ መጣበት ተመለሰ። እኔም ሌላ መንፈቅ ልጠብቅ ሆነ። አው ዑመርን ሰላም ማለት አልተውኩም፤ አሳጠርኩት እንጂ።

ወይዘሮዋ ጆሮውን ሲያዩ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይሆን ሰጉ። የእንስሳት ሐኪሙን ወደ እኔ ላኩት። እሱም ሎሚን ጥርሷን አየ፣ ወገቧን ዳሰሰ። ጤነኛ ናት አለ። እኔ ስለ ባከነው ጊዜ እያማረርኩ ሁሉንም ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ይህችን? አሁን? ገና ልጅ እኮ ናት። ወገቧ አልሰፋም። ባል በማጣቷ ነው የተረፈችው። አርግዛ ቢሆን ኖሮ ምጥ ላይ ትቀርብህ ነበር።"

እንግዲህ አስቡት። ከጥጆቹ አድናታለሁ ብዬ የሮጥኩት ሰውዬ ልገድላት ነበር። ያዳናት የአው ዑመር አስተዋይነት ነው። ልብሴን ቀይሬ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ፣ በሕይወቴ ብዙ ያልተለማመድኩትን ምስጋና አወረድኩት። አርቆ አሳቢነታቸውን አደነቅሁ። አው ዑመር ቅርንፉድ እየመዘኑ ሰሙኝ።

"ስለ ወገቧ እኔ ምን አውቄ?" አሉ።

"ታዲያ ለምን መለሷቸው?"

"ባዶ እጃቸውን መጡ እኮ! አንዲት እስር ጫት እንኳ አልያዙም። ወላሂ፣ እኔ ሴት ልጆቼን ስድር ጫት ሳይዝ ለመጣ ሰው በሬን አልከፈትኩም። ላንተ ስል ከፈትኩ። እሺ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ልበላቸው?"

እውነት ነው፤ የሐረር ሰው ለጋብቻ ጥየቃ ጫት ይዞ ይሄዳል። የግራዝማች ሽማግሌዎች ደግሞ የክርስቲያን ቤት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ የሚያውቁት ቆሞ መናገሩን ነው። የሎሚ ሕይወት የተረፈው በሁለቱ ወግ መካከል ባለች ክፍተት ነው። ምስጋናዬን ልመልሰው? አልመለስኩትም። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ውሻዋ ቤቴ ውስጥ በሕይወት አለች። ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ለግራዝማች ነገሩን አስረዳሁ። መንፈቁ አልፎ የሎሚ ጊዜ ሲመጣ፣ ሐኪሙም አሁን ይሆናል ሲል፣ እነዚያው ሽማግሌዎች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ይዘው መጡ። የሻምበልን ዘር ቆጥረው ሳይጨርሱ አው ዑመር እሺ አሉ።

የምጧ ዕለት ሐኪሙ ከውስጥ ከእኔ ጋር ነበር። አው ዑመር በርጩማ አስወጥተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነው። ለውሻ ነው እንዴ የሚጸልዩት ብሎ የጠየቃቸውን መንገደኛ፣ ለጎረቤቴ ነው ሲሉት ሰማሁ። የመጀመሪያው ቡችላ ቆየ። በጣም ቆየ። ሎሚ መጮህ አቆመች። ሐኪሙም ማውራት አቆመ፤ እኔ ያን ዝምታ አልወደድኩትም። ከዚያ አንዲት አይጥ የምታህል ነገር ወጣች። ተከትላት ሌላ። ተከትሎ ሌላ። ሎሚ ቀና ብላ ሦስቱንም ላሰቻቸው። ወጥቼ እናትየዋም ደህና ናት ስላቸው አው ዑመር አልሐምዱሊላህ አሉና በርጩማቸውን ይዘው ገቡ።

አሁን ትንንሽ ውሻ ማርባት የሚፈልግ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ስለ ምግቡ፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ጅቡም የማውቀውን እነግረዋለሁ። ሊሄድ ሲነሳ አንድ ነገር እጨምርለታለሁ። ጥሩ ሽማግሌ ያዝ እለዋለሁ፤ ስለ ውሻ ምንም ባያውቅ ግድ የለም፣ ብቻ በቀላሉ የማይደሰት ይሁን።