ጎኑ ላይ የተኛው ጌም

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ወንድም የነበረው አይመስለኝም። የወንድማማቾች ዝምታ ይነቅዛል፤ ነቅዞም ቤተ ዘመዱን ይበላል። እናንተም ቤት ሰርግ በመጣ ቁጥር በተለያየ ጠረጴዛ የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች አይጠፉም፤ አትሸሽጉኝ።

በእኛ ሰፈር፣ በጥራቮሎ፣ ሃብቶምና ታናሹ ተኽለ እንዲያ ነበሩ። ተኽለ በደርግ ዘመን ደህና ሁኑ ሳይል በረሃ ወጣ፤ ሜዳ ላይም የታጋዮችን ሬዲዮ ሲጠግን ኖረ። ሃብቶም ከተማ ቀርቶ ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ነፃነት መጣ፣ ተኽለ ተመለሰ፣ በግ ታረደ። በግብዣው መሃል ስዋው፣ ማለትም ጠላው፣ ሞቅ ያደረገው ተኽለ፣ «እኛ በጨለማ ስንዋጋ ኣያ ለደርግ ሹማምንት ቴሌቪዥን ያጠራላቸው ነበር» አለ፤ ታላቅ ወንድሙን «ኣያ» ነው የሚለው። ሃብቶም ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለም።

እህታቸው ለተብርሃን ትንሽ ባር አላት። ዘመዷ ከጣልያን ያመጣላት፣ ቁም ሳጥን የሚያህል የቪዲዮ ጌም እኛን ጎልማሶቹን ልጅ አድርጎን ነበር። ጨዋታው ሰለቸን ብንላት የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አስቀየረችው። አዲሱ ግን ለቁም ስክሪን የተሠራ ኖሮ፣ የእኛው ደግሞ አግድም ስለሆነ፣ ሽቅብ መብረር ያለበት አውሮፕላን ወደ ጎን ይበር ጀመር። እኛስ? አንገታችንን አጣመን ተጫወትን። ያኔ ፌርማታ ላይ አንገቱ የዘመመ ሰው ብታዩ የለተብርሃን ደንበኛ ነው።

ለተብርሃን አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ ሁለቱንም ወንድሞቿን በአንድ ከሰዓት ጠራቻቸው። መፍትሔው ስክሪኑን ፈቶ ማዞር ነው፤ ከባድ ስለሆነ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሃብቶም ከፊት ቆመ፣ ተኽለ ከኋላ።

«ለተብርሃን፣ ያንን ሰውዬ ብሎኑን ፍታ በዪው» ይላል ሃብቶም።

«ፈትቻለሁ በዪው» ይላል ተኽለ።

እሷም ቢራ እየቀዳች መልእክቱን ታደርሳለች። (ሁሉም የተባለው በትግርኛ ነው፤ በትምህርት ቤት አማርኛዬ ስተረጉመው ቢጎረብጣችሁ ይቅርታ።)

ተኽለ ወፍራሙን የስክሪን ገመድ ሊነቅል እጁን ሲሰድ፣ ሃብቶም በጎን በኩል አየው። መልእክተኛዋንም ረሳ።

«አትንካው። ሶኬቱ ቢነቀልም ውስጡ ኮረንቲ ይዟል። ይገድልሃል፣ አንተ ልጅ።»

ዞሮ መጣና ሽቦ ያሰረበትን ካቻቢቴ በገመዱ ጫፍ ባለው ላስቲክ ሥር ሰደደው። የታመቀው ኮረንቲ ጧ ብሎ ወጣ።

«በረሃ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» አለ ተኽለ ቀስ ብሎ።

«በረሃ ምን እንደነበረ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ነግረኸኛል?»

«መቼ ጠየቅኸኝ፣ ኣያ?»

ሃብቶም ወዲያው ይጠይቀው ጀመር። እጃቸው ስክሪኑን ያዞራል፣ አፋቸው ያወራል። አሰሩ፣ ሶኬቱን ሰኩ። አውሮፕላኑ ከጎኑ ተነሥቶ ቆሟል፤ ግን ተዘቅዝቆ።

«ወደ ቀኝ ነበር ያልኩህ» አለ ሃብቶም።

«ወደ ቀኝ ነው ያዞርኩት።»

«በማን ቀኝ?»

«በራሴ ነዋ። በማን ላዞር ኖሯል?»

እየተነታረኩ መልሰው ሊፈቱት ሲሉ ለተብርሃን፣ «ዛሬ ይበቃል፣ ነገ ትመለሱበታላችሁ» አለቻቸው። በማግስቱ መጡ፤ ቢራ ቀዳችላቸውና አሁንም ለነገ አለቻቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ፤ እኛም ቁልቁል የሚወጣ አውሮፕላን ማብረር ለመድን።

«ኧረ ይሄ ስክሪን መቼ ነው የሚቃናው?» ብላት፣ ወንድሞቿ ወደተቀመጡበት ጥግ በአገጯ አመለከተችኝ።

«አትቸኩል» አለችኝ። «ተኽለ ገና የበረሃውን የመጀመሪያ ክረምት ነው የሚያወራለት።»