የጋሽ ቶሎሳ የጌም ማሽን

የሙያ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለበት፤ የለመደውን በሽታ ካላገኘ በሽተኛው ደህና ነው ይላል። ሐኪም እያማሁ እንዳይመስላችሁ። ስለ ራሴ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሀና ማርያም አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ የላፍቶ ገበሬ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። የታመመ ሕፃን መስሎኝ ብድግ አልኩ። ሲገልጡት የጌም ማሽን ሰሌዳ ነው፣ ቺፕ በቺፕ የሆነ። ሁለት ላሞች ሸጠው የሰፈር ልጆች በሳንቲም የሚጫወቱበት አሮጌ ማሽን ገዙ፤ በጋሪ ተንገጫግጮ ቤታቸው ሲደርስ ግን ስክሪኑ ላይ ከተዘበራረቀ ቀለም በቀር ምንም አልወጣም። ሚስታቸው ካኮረፉ ሰነበቱ። ጎረቤት ደግሞ ማሽኑ ታለበ ወይ እያለ ይጠይቃቸዋል።

ድሮ የሠራሁበት ወርክሾፕ ዕቃውን ሲሸጥ የገዛሁት ሎጂክ አናላይዘር ነበረኝ። በቀጫጭን ሽቦዎቹ የቺፖቹን እግር ቆንጥጦ ይይዝና በውስጣቸው የሚመላለሰውን ምልክት በራሱ ስክሪን ላይ ከፍ ዝቅ በሚል መስመር ይስለዋል። አሥራ ስድስት መስመር። የሞተውን ካገኘሁ ጥፋቱን አገኘሁ ማለት ነው ብዬ ሦስት ቀን ፈለግሁ። ሁሉም ሕያው ነው።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ቶሎሳን ዝናብ ያዛቸውና አጠገቤ ተቀመጡ። ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር፤ ሁለቱ ተደባልቀውብኝ ዓይኔ ከደን ከደን ይላል። ተስፋ እንደሌለው በምን አፌ ልንገራቸው እያልኩ ሳሰላስል፣

«እነዚህ ሁለቱ ተጠምደዋል እንዴ?» አሉኝ።

«የትኞቹ?»

«ከላይ ሰባተኛውና ስምንተኛው። በፈቃዱ የሚሄድ ከብት እንዲህ እግር በእግር አይራመድም።»

ሦስት ቀን ያየሁትን ገና ያን ጊዜ አየሁት። ሰሌዳውን በአጉሊ መነጽር ብመለከት፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ከፀጉር የቀጠነች የሽቦ ስባሪ ተሰንቅራ ሁለቱን አንድ አድርጋቸዋለች። በመርፌ አወጣኋት።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ገጠምኩት። ጥቁር ሰማይ ተከፈተ፤ ከዋክብት ቀስ እያሉ ይወርዱ ጀመር፤ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ መንኮራኩር። ሚስታቸው ከበሩ ሆነው ብዙ አዩና «ያምራል» አሉ፤ እንደ ዕርቅ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ግን መጨረሻ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ጠየቁኝ። ማሽኑ ነው፣ አልኳቸው፤ እየፈጠነ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ጎበዝ የሚባለው ትንሽ የቆየ ነው።

«እርሻ ነው በለኛ» አሉና በርጩማቸውን ወደ ማሽኑ ሳቡ።