በጾም የወፈሩት ባልና ሚስት

የእኛ ሰው ሳትጠይቁት የሚነግራችሁ ሁለት ነገር አለ፤ መክሳታችሁንና አለመውለዳችሁን። «ምነው ከሳሽ?» ይላል፤ ትንፋሽ ሳይወስድ «ምነው እስካሁን ሳትወልጂ?» ያስከትላል። ክብደትና መውለድ የሥጋ ዘመድ መሆናቸውን ግን እስከዚህ ዕድሜዬ የነገረኝ አልነበረም።

ልጄ ቢኒያም ማሕሌትን ካገባ አራት ዓመት ሆነው። ሲጋቡ ሁለቱም ሸንቃጣ ነበሩ። አሁን... እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመችቷቸዋል። ቤታቸው አምስት ኪሎ ነው፤ እራታቸው ግን ፒያሳ፣ እኔ ጋ። ሶፋዬ ድሮ ሦስት ሰው ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ እነሱ ከተቀመጡ እኔ በርጩማ እፈልጋለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ አሰለፈች ባየቻቸው ቁጥር «እሰይ! አማረባችሁ! ትዳር ማለት እንዲህ ነው!» ትላለች። ዞር ሲሉ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የልጁ ነገርስ?» ትለኛለች። እኔ ንግግር አላበዛም። «እሱ ያውቃል» ብዬ ወደ ላይ አያለሁ። ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ የምለውንም እሱ ነው የሚያውቀው።

አንድ ቀን ግን ማሕሌት የጎረቤት ሕፃን አቅፋ ለእናቱ ስትመልስ እጇ ሲዘገይ አየሁ። ያን ዕለት እኔው ራሴ «ሐኪም ጋ እንሂድ» አልኩ።

ሐኪሟ ሂጃቧን ጥንቅቅ አድርጋ ያሰረች፣ በልጄ ዕድሜ ያለች ወጣት ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የተዘጋጀሁት ለማሕሌት ነበር። በእኛ ልማድ ልጅ በጠፋበት ቤት ተከሳሿ ምንጊዜም አንዷ ናት! ሐኪሟ ግን ሁለቱንም መረመረች፤ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አወጣች።

«ሌላ ችግር አላገኘሁም» አለች። «ክብደታችሁ ግን መቀነስ አለበት። የሁለታችሁም።»

«የእኔም?» አለ ቢኒያም፣ ቦርጩን ወደ ውስጥ እየሳበ።

«ያንተም! ስብ ሲበዛ ሆርሞን ያዛባል። በእሷ በኩል እንቁላሉ ወቅቱን ጠብቆ አይወጣም። በአንተ በኩል ደግሞ የዘር ሕዋሱ ቁጥሩም ቅልጥፍናውም ይቀንሳል።»

ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። የወለድኩት ልጅ ቅልጥፍና በፊቴ ሲነገር!

«እንደ ድሮአችሁ ሁኑ አላልኩም» ቀጠለች። «ትንሽ መቀነስ እንኳ ብዙ ሰው ረድቷል። ዋስትና አልሰጥም፤ ግን ከዚህ እንጀምር። በእግራችሁም ሂዱ።»

«ይኼማ ቀላል ነው!» አልኩ። «ዐቢይ ጾም እየገባ አይደል? ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ...»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። የፈገግታዋ ምሥጢር ያኔ አልገባኝም።

ጾሙ ገባ። ልጆቼ ከሥራ ወጥተው እኔ ጋ እስኪደርሱ እህል አይቀምሱም። ኩራቴ! ግን እናንተዬ፣ ባዶ ሆዱን የዋለ ልጅ ደጅሽን ሲያንኳኳ ምን ታደርጊዋለሽ? በዘይት የሚንተከተክ ተጋቢኖ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ድንች ጥብስ፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ ከሻዩ ጋር ዳቦ በማርማላታ...

«እማማ፣ በቃኝ» ትላለች ማሕሌት።

«የጾም ነው እኮ!» እላለሁ። የጾም ነው ከተባለ ማን ይከራከራል?

እግር ጉዞውንም አልተዉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቸርችል ጎዳናን ይወርዳሉ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ፣ ቁልቁለቱ ደስ የሚል! ሽቅቡን ግን በታክሲ። ከታክሲው ሲወርዱ ደግሞ ኬክ ቤት። «የጾም ኬክ ነው፣ እማዬ!» ይለኛል ልጄ፣ የእኔን ድርሻ በካርቶን አሳስሮ።

በሆሳዕና ሰሞን ሐኪሟ ጋ ተመለስን። ሐኪሟ ሚዛኑን አየች። እነሱን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ጨምራችኋል።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

«ጾመናል እኮ!» አልን ሦስታችንም ባንድ ድምፅ። ዶሮ ወጡ እንኳ ገና አልመጣ!

«ምን እየበላችሁ ነው የጾማችሁት?»

አንድ በአንድ ነገርኳት። ሳምቡሳው ላይ ስደርስ ሳቋ አመለጣት።

«እናቴ፣ አይሳቀቁ» አለችኝ። «እኛም ቤት ያው ነው። እኔ ራሴ ረመዳንን ወፍሬ ነው የጨረስኩት። ጾሙ ምን አጠፋ? የሚያጠፋው አፈታታችን ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። ማሕሌት ግን አልሳቀችም። ስንወጣ ደረጃው ላይ እጄን ያዘችና «እማማ፣ ጊዜው እኮ እያለፈብኝ ነው» አለችኝ። ፈጣሪ ጾምን እንጂ መጥበሻን እንዳላዘዘን ያን ጊዜ ገባኝ። በማግስቱ መጥበሻዬን ለእትዬ አሰለፈች ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆንኩ። ፋሲካውን እንኳ በልክ ፈሰክን። ጎመኑ በዛ፣ ዘይቱ ቀነሰ፣ ሳህኑ አነሰ። ቸርችልን ቁልቁልም ሽቅብም በእግር! እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ታክሲ ሲቆም «ሂድ አባቴ፣ የሚሳፈር የለም!» እላለሁ። ክረምቱ ሲጋመስ ልጆቹ ቀለል አሉ። እኔም ሶፋዬ ላይ ቦታ አገኘሁ።

እትዬ አሰለፈች ግን ደረቷን ያዘች። «ምን ሆነው ነው? አለቁ እኮ! ከሥራ ተባረሩ እንዴ?» ብላ ሳምቡሳ ይዛ መጣች... በእኔው መጥበሻ የተጠበሰ!

የነቢያት ጾም ሲጋመስ ደግሞ የማሕሌት ቀሚስ ወገቡ ላይ እንደጠበበ አየሁ። ደሜ ፈላ።

«ማሕሌት፣ ወፍረሻል! እውነቱን ንገሪኝ፤ እትዬ አሰለፈች ጋ ሳምቡሳ በላሽ?»

አቀረቀረች። ቢኒያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ምን ያስቅሃል?»

«እማዬ... ይሄኛው እንኳ ሳምቡሳ አይደለም።»

ማሕሌት እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። «ሳይጸና አይነገርም ያሉን እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አለችኝ።

«ተመስገን» አልኩ። ሌላ ቃል አያስፈልግም ነበር።

ይኸው እትዬ አሰለፈች ወሬውን ከሰማች ወዲህ «ለሁለት ነው የምትበላው!» እያለች በየቀኑ ሳህን ሞልታ ትመጣለች። ሐኪሟ ደግሞ «ለሁለት» የሚለውን ነገር አጥብቃ ከልክላለች። የጎረቤት ሳህን መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ደጄ ላይ እቀበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ገብቼ እኔው እበላዋለሁ።

ትናንት እትዬ አሰለፈች ትክ ብላ አየችኝና «አንቺ ግን ወፈርሽ» አለችኝ።

ብወፍርስ? እኔ እንደሆንኩ ወልጄ ጨርሻለሁ!