የጋሽ ታፈሰ ጃንጥላና የሞርሳዬ መደገፊያ

«ብረት ከሰው ይልቅ ይታመናል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አንድም ዋሽቷል፣ አንድም እድር የለውም! እኔ ራሴ ይህን ስብከት ለዓመታት ስሰብክ ኖሬአለሁ። ብረትን የማምነው የገዛ ጭንቅላቴን ስለማላምን ነው። እንዴትስ ልመነው? አንድ ቀን ባለቤቴ ሰብለ ዕቃ ልካኝ ወጣሁና መንገድ ላይ ምን እንደ ላከችኝ ጠፋብኝ። ደወልሁላት።

«ምን ግዛ ነበር ያልሽኝ?»

«አሁን የት ነህ?»

«ዳቦ ቤት በር ላይ።»

«እስቲ ቀና በልና አስብ... ዳቦ ቤት ምን ይሸጣል?»

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ባይሆን እንኳ እውነት እንደ ነበር ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ያለው ጭንቅላት በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ፣ ቂርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ፣ አንዲት ያረጀች ሚሊንግ ማሽን ያንቀሳቅሳል። ማሽኗን ለማታውቁ፦ ሞርሳ የሚባለው የብረት መንጋጋ ሥራውን ነክሶ ይይዛል፣ እርሷ ትፍቃለች፣ ትበሳለች። ቁም ነገሩ አያያዙ ላይ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት አበው ማሽኒስቶች ባይሆኑ እንኳ አንድ ማሽኒስት ጎረቤት ሳይኖራቸው አይቀርም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የካዛንችስ ሰፈራችን ፈርሶ በየአቅጣጫው ብንበተንም እድራችን አልፈረሰም። (እንዴት ይፈርሳል? ገና ሁላችንም አልሞትንም!) የእድሩ ድንኳን ግን በዕቃ ማጓጓዙ መካከል የምሰሶ መያዣዎቹን ጥሎ መጣ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታፈሰ ከጥፋት የተረፈ አንድ መያዣ ለናሙና ይዘው ከተፍ አሉ።

«ኢንጂነር፣ የዚህ ዓይነት ሃያ አራት ፍሬ እፈልጋለሁ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ምሰሶውን ያቅፋሉ። በአንድ ወገን ይነካከሳሉ፣ በሌላው ወገን ቡሎን ያልፍባቸዋል። እሑድ አባላቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት ድንኳኑን ተክለን እናሳያለን። አንተ እንደምትሠራውም ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኛ!»

ክብሬ በሃያ አራት ቀዳዳዎች ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ናሙናውን ለካሁ፤ ቀዳዳው ከጠርዙ አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር ይርቃል። ሃያ አራት ጊዜ በዚህ ጭንቅላት እየለካሁ ብበሳ ሃያ አራት ዓይነት ሐሳብ ያለው ድንኳን እንደምተክል አውቃለሁ። ስለዚህ ለሞርሳዬ መደገፊያ ሠራሁ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ከሞርሳው ጎን የሚታሰር አንድ ቁራጭ ብረት፣ በውስጡም የሚንሸራተት ዘንግ አለ። ዘንጉን አንዴ በልኩ አቁሜ በቡሎን አጠብቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ብረት ጫፍ ከዘንጉ አስነክቶ ሞርሳውን መቆለፍ ብቻ... መለካት የለ፣ ማስታወስ የለ! የዘንጉን የውጭ ጫፍም ለውበት ስል እንደ ከዘራ ቆልመም አደረግሁት። (ይህችን ውበት አደራ ልብ በሉልኝ።)

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለቱን በሳኋቸው። እንደ መንትያ አንዱ ከሌላው አይለይም። ረፋድ ላይ ጋሽ ታፈሰ ጃንጥላቸውን ይዘው ብቅ አሉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ቶሎ ቶሎ በል እንጂ፣ ልጄ። የአንዱ አባላችን አባት ደከም ብለዋል አሉ።»

«እግዚአብሔር ይማራቸው፣ ጋሼ።»

«አሜን፣ ይማራቸው! ግን አንተ ጨርስ።»

ከብዙ ጨዋታ በኋላ አሥራ ሁለቱን ከነናሙናው በጆንያ አስጭነው ወደ ቀለም ቀቢው ሄዱ። እኔም ምሳዬን በልቼ ተመለስሁ። ሥራ ልቀጥል ስል አንድ ጥርጣሬ ሽው አለብኝና ከዘንጉ ጫፍ እስከ መብሻው መሃል ለካሁ። አርባ ስድስት!

«አርባ ሁለት ነበር» አለኝ ጭንቅላቴ።

«አርባ ስድስት ነው» አለኝ ብረቱ።

እንዳላመሳክር ናሙናው የለም፣ የተበሱትም የሉም። ልደውል ይሆን? ግን «ጋሼ፣ የሠራሁትን ለክተው ይንገሩኝ» ይባላል? በአገሩ ሁሉ «ኢንጂነር» እያሉ ላስጠሩኝ ሽማግሌ? እናንተ ብትሆኑ ትደውሉ ነበር? ይሉኝታ ከመለኪያ ይበልጣል። ደግሞም ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሞ ዳቦን የረሳ ጭንቅላት ከብረት ጋር ቢሟገት ማን ይረታል? ለብረቱ ፈረድሁለት። ቀሪዎቹን አሥራ ሁለት በአርባ ስድስት በሳኋቸው።

እሑድ ደረሰ። ሁሉም ጥቁር ተቀብተው፣ በአንድ ጆንያ ተደባልቀው ቀረቡ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ወይዘሮ አስካለ የመጀመሪያውን ቡሎን አስገቡና ቆም አሉ።

«ኢንጂነር፣ አንዱን አለፈና ሁለተኛው ላይ ግድግዳ ገጠመው!»

«ትንሽ ይግፉት፣ እትዬ።»

«ምኑን ነው የምገፋው? ምጥ መሰለህ?»

ሳቁ እስከ ኦሎምፒያ ሳይሰማ አልቀረም። ከአንድ ሰዓት መከራ በኋላ ምስጢሩን ያገኙት ራሳቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው፦ መያዣዎቹ ሁለት ጎሳ ሆነዋል፣ ከየጎሳቸው ካልሆነ በቀር አይጋቡም! ተለይተው ተጋቡና ድንኳኑ ቆመ። ክብሬ ግን ተኛ። «እንግዲህ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ብረት የሚያጋባ ሽማግሌ መላክ አለብን» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ታፈሰ ችሎት ሊያስችሉ ወደ ግቢዬ መጡ። ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያም እንደ ለመደ ሰው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ጃንጥላቸውን በቆልማማው ዘንጌ ላይ አንጠለጠሉት።

ከጃንጥላው ወደ ዘንጉ፣ ከዘንጉ ወደ ጃንጥላው አየሁ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ!» አሉና ሊቆጡኝ ጃንጥላውን መንጭቀው አነሡት። ዘንጉ አብሮ ሸርተት አለ። በጃንጥላው ደረቴን እየጠቆሙ ከገሠጹኝ በኋላ በጥንቃቄ መልሰው ሰቀሉት። አያችሁልኝ? ሐሙስም እንዲሁ ሰቅለው አንሥተውት ኖሯል፤ አርባ ሁለቱ አርባ ሁለት ነበር! ጭንቅላቴ በዕድሜው አንዴ እውነት ቢናገር እኔው ራሴ በሐሰት ፈረድሁበት። አሁንስ ልናገር? ግን ቁልመማዋ የእኔ ናት፣ ቡሎኑንም ላላ አድርጌ ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ እርሳቸው ደግሞ... ጋሽ ታፈሰ ናቸው።

«ልኩን ረሳሁት፣ ጋሼ» አልሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ የታወሰኝ ነገር ሳይኖር።

ፊታቸው ፈታ አለ። «ጻፍ እንጂ ልጄ! እኔን እየኝ፤ ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፣ አንድ ነገር ረስቼ አላውቅም። በል፣ አሥራ ሁለቱን እንደ ገና ሥራቸው። እስከዚያ ድረስ በየለቅሶው ብረቶቹን የምታጋባው አንተ ነህ!» ብለው ፈርደው ወጡ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ካፊያ ጀመረ፣ የግቢው በርም ተንኳኳ።

«ኢንጂነር! ጃንጥላዬን የት አኖርህብኝ?»

ዘንጉን አየሁት። ጃንጥላው አርባ ስድስትን አልፎ ወደ ሃምሳ እየጎተተው ነው።

«ረሳሁት፣ ጋሼ።»