የሐጂ ሰይድ ጢም እንዴት ጠቆረ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሞተ ሰው ጢም አጥቁሬ ተያዝኩ!

አትሳቁ። ገና አልጀመርኩም።

እትዬ ፋጡማን የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ገዢ ሁሉ ያውቃቸዋል። ባለቤታቸው ሐጂ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ የሐጂን አንድያ ፎቶ ይዞት ሄደ። ሰሞኑን ደጄ መጥተው ተቀመጡና ቀስ ብለው፦

«ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አሉኝ። «ድምፁን አልረሳሁም። ፊቱ ግን እምቢ አለኝ።»

ታዲያ እኔ ዝም እላለሁ?

ጡረታ ሳልወጣ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ባለሙያ እኔ ነበርኩ (ማብሪያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ)። ያኔ ለገበሬዎች መታወቂያ ስንሠራ የሐጂን ፎቶ ስካን አድርጌው ነበር። ያስቀመጥኩበት ፍሎፒ ዲስክ እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለ።

ያ ስካነር ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም። እያንዳንዷ ነጥብ ወይ ጥቁር ናት ወይ ነጭ። የቀበሌ ስብሰባ በሉት፤ መሃል መቆም የለም።

ፋይሉ ቲፍ የሚሉት የድሮ ዓይነት ነው (ጤፍ አላልኩም፣ የቀወት ጤፍ ገበሬዎች ተረጋጉ)። ይዤው የሄድኩበት ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር አልከፍትም አለ። እኔም ኮንቨርተር የሚባል ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ ቢኤምፒ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ቀየርኩት።

ተከፈተ!

ሐጂ ከነጥምጣማቸው ብቅ አሉ። ጢማቸው ግን ጥቁር! እኔ የማውቀው ጢም ጥጥ የመሰለ ነበር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔማ «ቴክኖሎጂ!» አልኩ። ሰውየውን ወጣት አደረገልኝ። የዓይናቸው ብሌን ነጥቷል፤ ሞራ ነው ብዬ አለፍኩት። ጥምጣሙም ጠቁሯል፤ መቼም የቆላ አቧራ አይጣል ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ራሴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጢሜን ቀለም እቀባለሁ። ስለዚህ ጢም ማጥቆር ለእኔ ውለታ ነው።

አሳተምኩ፣ መስታወት አስገባሁ፣ ገበያ መሃል ወሰድኩላቸው። ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቄ ስለ ዘመናዊነት አጭር ንግግር አደረግኩ። አጭር እንኳ አልነበረም።

እትዬ ፋጡማ አዩት። ደግመው አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ሐጂ ናቸው፣ ጢማቸውን አሳምሬልዎት ነው አልኩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ቆይተው ፎቶውን ወደ ፀሐይ አነሱት። አዘነበሉት። ፈገግ አሉ።

«ይሄ እኮ ፊልሙ ነው፤ ፎቶው አይደለም። እንደተጋባን ደብረ ሲና ወጥተን ፎቶ ስንነሳ ባለ ፎቶው እንዲህ ያለ አሳይቶን በሳቅ ሞተናል። ጥቁሩን ነጭ አድርገው፣ ነጩን ጥቁር።»

በባጃጅ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሼ በረርኩ። ጥቁርና ነጩን የምታገላብጥ አንድ ቁልፍ ብቻ!

ጢሙ ነጣ፣ ብሌኑ ጠቆረ፣ ጥምጣሙ ታጠበ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ለካ ነጥቦቹ የሚጻፉት በዜሮና በአንድ ነው፤ በዚያ ፋይል ዜሮ ማለት ነጭ ነው፤ የእኔ ኮንቨርተር ደግሞ ዜሮን ሁሉ ጥቁር ብሎ ያነባል። በቃ ይኸው ነው! የኮምፒዩተር ባለሙያው ያልገባውን ሽንኩርት ነጋዴዋ በፀሐይ አነበቡት።

ሁለተኛውን ስወስድላቸው ንግግር አላደረግኩም። መስታወቱን በሻሻቸው ጫፍ ወለወሉት።

«እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው የእኔን ጢም ተመለከቱ።

«የሱን መለስክልኝ፣ አላህ ይስጥህ። ያንተንስ ማን ይመልስልህ?»

የገበያው ሳቅ እስከ ጣርማ በር ተራራ ሳይሰማ አልቀረም።

ይኸው መስታወት ፊት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ያቺ ቁልፍ ለሰው የት ጋ እንደምትገኝ የሚያውቅ አለ?