ለእንግዳ የቆየች መርከብ

የእኛ ሰው ደህና ነገር ሲያገኝ ለእንግዳ ያስቀምጣል። ብርጭቆው ከቁም ሳጥን የሚወጣው፣ አዲሱ አልጋ ልብስ የሚነጠፈው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ባለቤቱ በጣሳ እየጠጣ በብርጭቆው ሳይቀምስ የሚሞትም አለ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም፤ አትሸሽጉኝ። እኔ ግን በዚህ ልማዳችን መቀለድ ካቆምኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

በሃምሳዎቹ ዓመታት የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ስለዚህ የማላውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ዳይሬክተራችን አስጠርተው፣ አንድ ክቡር ሰው መጥተው የሚመርቁት የልጆች መጫወቻ እንድነድፍ አዘዙኝ። በፈረንጅ መጽሔት ያየሁት ሥዕል ትዝ አለኝና የኖኅን መርከብ ነደፍኩ፤ ከቀበና ወንዝ ሌላ ውሃ አይተው ለማያውቁ ልጆች መሆኑ ነው። በሆዷ ዥዋዥዌ፣ በጎኗ ሸርተቴ፣ ከመካከሏ የገመድ መሰላል ያለው ረጅም ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጫፍ ደግሞ ርግቧን የሚጠብቀው ልጅ የሚቆምበት ማማ። ዳይሬክተሩ ንድፉን ሲያዩ ቆይተው፣ ከፊት ያለው የእንጨት አንበሳ አነሰ አሉ። አንበሳውን አሳደግነው።

አናጢው አቶ ጉተማ የሰፈሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ጫልቱ ሦስተኛ ክፍል እኔው ዘንድ ትማር ነበር። የባህር ዛፉን ምሰሶ ከመትከላቸው በፊት እንደ ወጉ እግሩን በእሳት ሊለበልቡት ሲሉ ዳይሬክተሩ ከለከሏቸው። የጠቆረ እንጨት ለክቡርነታቸው አይታይም፣ ቀለም ይቀባ አሉ። አቶ ጉተማ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ ያልተለበለበ እንጨት ከአፈር ጋር አይስማማም። አንድ ክረምት ቢችል ነው» አሉኝ። ገብቶኝ ነበር፤ ግን ዳይሬክተሩን ደፍሬ መናገር አቃተኝ። ሲያዩት ያምር እንዲሉ፣ አረንጓዴ ቀባነው።

መርከቧ አለቀች፤ ምረቃው ግን ዘገየ። መጀመሪያ ጾም ገባ፣ ቀጥሎ ክቡርነታቸው ውጭ አገር ሄዱ፣ ቀጥሎ ክረምቱ መጣ። እስክትመረቅ አንድም ልጅ እንዳይነካት ተብሎ ዙሪያዋ በገመድ ታጠረና ዘበኛ ቆመባት። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከገመዱ ውጭ ተደርድረው ያዩዋታል። ጫልቱ አባቷ የሠራው ሁሉ የእሷ መስሏት ነው መሰል፣ መርከቧ ባለቀች በሳምንቱ ዘበኛው ዞር ሲልላት ማማው ላይ ወጣች። አወረድኳትና በልምጭ ሁለት ጊዜ መታኋት። ያኔ ምሰሶው አሥር ሰው ቢንጠለጠልበት የሚነቃነቅ አልነበረም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ክረምት አለፈ። ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር ቀለሙን እናድሳለን፤ ከአፈር በታች ያለውን የጠየቀ የለም።

በመጨረሻ ክቡርነታቸው መጡ። አሥራ ሁለት ልጆች አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ባንዲራ ይዘው መርከቧ ላይ ተሰለፉ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ እንዳይነቃነቁ ሦስት ሳምንት ሙሉ አለማምደናቸዋል። ማማው ላይ ጫልቱን መረጥኳት። ያን ልምጭ የምክሳት መስሎኝ ነበር። የገመዱን መሰላል ይዤ ያወጣኋት እኔው ነኝ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ መጣና ምሰሶው ከእግሩ ተሰብሮ ወደ ኋላ ወደቀ። ጫልቱ ስትወድቅ እንኳ ባንዲራዋን አልለቀቀችም፤ እንደዚያ ነበር ያስተማርናት። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ነፋስ ግን ይከሰሳልና ኮሚቴው ጥፋቱ የነፋስ ነው አለ። እኔም ፈረምኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። አቶ ጉተማ ምረቃው ላይ አልተጠሩም ነበር፤ አናጢ ከሹማምንት ጋር ምን ያደርጋል ተብሎ ይሆናል። ስለ እንጨቱ እግር ያነሱብኛል ብዬ አቀርቅሬ ስጠብቅ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «መምህር፣ እዚያ ላይ ሆና ተጫውታለች?» አሉኝ።

በዚያች መርከብ ላይ አንድም ልጅ ተጫውቶ አያውቅም። ጫልቱም እጇን አጣብቃ፣ ፊቷን ወደ ክቡርነታቸው አድርጋ ነበር የቆመችው።

«ተጫውታለች» አልኳቸው። «እንደ ልቧ ተጫውታለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አማርኛ ወደማይሰሙት ወደ ባለቤታቸው ዞረው በኦሮምኛ ነገሯቸው። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ። ካልኩት ላይ ጨምረው፣ ስትስቅ ድምፅዋ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር አሏቸው።