አንድ ዓሳ ለማስረጃ ተያይዟል

በየትኛውም መሥሪያ ቤት ከዘበኛው ቀድሞ በር ላይ የሚደርስ አንድ አመልካች አይጠፋም። ሙሀባ ሸዋ ሮቢት የመስኖ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ፣ መዝገብ ቤት ስትመደብ፣ ከወንበሩና ከማኅተሙ ጋር የተረከበችው ክቡር አመልካች ጋሼ አብዱረሂምን ነው።

ጋሼ ማሾ ዘሪ ናቸው። የመስኖው ቦይ እሳቸው ጋ ሊደርስ አራት ማሳ ሲቀረው ቆሟል። እሳቸው ግን አልቆሙም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ በባጃጅ ይመጣሉ። "በጀት የለም ጋሼ" ስትላቸው፣ "በጽሑፍ ይሰጠኝ" ይላሉ። አንዴ "ኃላፊው ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል" ብትላቸው፣ ያንኑ አጽፈውና ማኅተም አስመትተው ሄደዋል።

ባለፈው ጥር ድንጋይ የሚያጠኑ ምሁራን መጥተው፣ ከማሳቸው ግርጌ ያለውን ነጭ ድርብርብ አለት ሲሰነጥቁት የዓሳ አጥንት ወጣ። "እዚህ ጥንት ሐይቅ ነበር" አሏቸው።

"በጽሑፍ ይሰጠኝ" አሉ ጋሼ። ተሰጣቸው።

በቀጣዩ ሰኞ የሙሀባ ጠረጴዛ ላይ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ማመልከቻ። "ጉዳዩ፦ ከቀበሌያችን ያለ አግባብ የተወሰደው ውኃ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ። አንድ ዓሳ ለማስረጃ አያይዣለሁ።"

ኃላፊው አቶ ተፈራ ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ነው። ይርጋ ያግደዋል" አሏቸው።

"እኔ እርስዎ ሳይሾሙ ነው ማመልከት የጀመርኩት። ዓሳው ደግሞ እኔንም ይቀድማል። በተራ ከሆነ በሱ ጀምሩ።"

ማመልከቻው ለሣቅ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ዞን ደረሰ። አንድ መሐንዲስ ዓሳው የወጣበትን አለት ለማየት ብሎ ወረደ፤ በዚያው የተቋረጠውን ቦይ አየ። በወሩ "ቦዩ ይቀጥል" የሚል ደብዳቤ መጣ።

ጋሼ ግን ሁለት ሰኞ ቀሩ። አቶ ተፈራ "እንዴት ያለ ሰላም ነው" አሉ። ሙሀባ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች ሥራ አልያዝ አላት። በሦስተኛው ሰኞ ደብዳቤውን ይዛ በባጃጅ ሄደች።

ጋሼን ወባ ጥሏቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሳሊሃ ደግፈው አስቀመጧቸው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። "አልሐምዱሊላህ" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲህ ሰኞ ሰኞ አይመጡም ማለት ነው" አለች ሙሀባ። ድምፅዋ ሳታስበው ወረደ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት።

"አይዞሽ ልጄ" አሉ። "ቦይ አይደል? ኢንሻአላህ ይደፈናል።"